ጊደሯ ከማን ጋር ዋለች?

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይባላል። ጨዋ ጆሮ የሚሸሸው ቃል አለበት፤ ሽማግሎች ግን ለምክር ሲቀመጡ አይሸማቀቁበትም፤ ተረቱም ጉልበቱን ያገኘው ከዚሁ ድፍረቱ ነው። ለልጁ ባልንጀራ የሚመርጥ አባት ይጠቅሰዋል፤ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት የጠፋበት መምህርም እንዲሁ። ከበለሳ፣ ከጋይንት ወይም ከጎጃም የተነሣ ጎረምሳ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ገንደ ውሃና ወደ መተማ ዮሐንስ ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ፣ ቤት የቀረው ሰው በሆዱ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ልጁ ገንዘብ ይዞ ይመለስ ይሆናል፤ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚመለስ ግን ማን ያውቃል? ክርስቶስን እከተላለሁ፣ ለሌላውም አርኣያ እሆናለሁ ለሚል ሰው ይህ ተረት ምን ያህል ይበጃል? እኔ እንደማየው ጠባይ በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ተረቱ አሳምሮ ያውቃል፤ ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

መንገዱን እንይ። አህያዋ ጊደሯን አልመከረቻትም፤ አላባበለቻትም። አብረው ዋሉ፣ በቃ። የመተማና የቋራ የሰሊጥ እርሻ ደግሞ የመዋያ አገር ነው። ሰሊጥ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይደርሳል፤ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና ባለ እርሻው ፋታ የለውም። የታጨደው እየታሰረ ሂላ በሚባል ክምር ይቆማል፣ ሲደርቅ ይራገፋል። በእነዚያ ሳምንታት ከየአገሩ የመጣ ሰው በዋልካው ሜዳ ላይ አንድ ዳስ ሥር ያድራል፣ ከአንድ ድስት ይበላል። አዲስ ገቢው የሚያየው የማጭድ አያያዝ ብቻ አይደለም። ቆላውን ቤቱ ያደረገው፣ ከእርሻ እርሻ የሚዞረው ሳሉግ ማታ አረቄ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የደከመበትን በስንት ሌሊት እንደሚጨርስ፣ ከደላላ ጋር እንዴት እንደሚነታረክ ያያል። አጨዳው ሳያልቅ አነጋገሩ ሳይቀር ተለውጧል። ሰው ከቆላ ሳያውቀው ይዞት የሚመለስ ነገር እንዳለ ሐኪሞችም አይተዋል፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላአዛር ወረርሽኝ ሲነሣ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፣ በኋላ ተመራማሪዎች ከቆላ እርሻ ከተመለሱ የወቅት ሠራተኞች ጋር አያያዙት። ጠባይም የሚተላለፈው እንዲሁ ማንም ሳያስበው ነው።

እንግዲህ ደቀ መዝሙርነትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ መሆኑ ነው ተረቱን ለክርስቲያን ቁም ነገር የሚያደርገው። ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 3 ዐሥራ ሁለቱ ለምን እንደተመረጡ ሲነግረን አስቀድሞ የሚያነሣው ከጌታ ጋር እንዲኖሩ መሆኑን ነው፤ ለስብከት መላካቸው ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ሲጸልይ አዩት፣ ሲደክመውም አዩት፣ ከማን ቤት ገብቶ እንደበላ አዩ። በዚሁ ቆላ በሚገኘው በማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም እንደ ሌሎቹ ገዳማት ሁሉ ረድእ የሚሠለጥነው አረጋዊ አባት ሥር ሆኖ፣ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየሰበረ፣ የአባቱን ዝምታና ቁጣ እያየ ነው። ገዳሙን ጠቅሶ «ጊደሯን ማራቅ ነው የሚያዋጣው፤ መነኮሳቱስ ሸሽተው የለም?» የሚል አይጠፋም። መነኩሴው ግን የሰው ጉርብትና ጠልቶ አልገባም፤ ከማን ጋር እንደሚውል መርጦ ነው የገባው። የአንድነት ገዳም ማለት አብሮ መሥራት፣ ከአንድ ማዕድ መቅመስ ነውና ብቻውን መሆን ለፈለገ ሰው ከዚህ የሚከፋ ቦታ አይገኝም።

ከአብሮ መዋል ውጭ ያለውን መንገድ ደግሞ ታሪካችን ሞክሮታል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በአዋጅ አስገደዱ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። የሱዳኑ ድርቡሽም በበኩሉ በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ በዚያ እሳት የሰው ልብ እንዳልተለወጠ ማንም ያውቃል። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆሰሉ፣ በማግሥቱም ዐረፉ። ከተማዋ ዛሬ በስማቸው መተማ ዮሐንስ መባሏ ስለ አዋጁ አይደለም። ከሠራዊታቸው መካከል ቆመው ስለ ወደቁ ነው። ያስገደዱት ነገር ቂም አተረፈ፤ የሆኑት ነገር ግን ስም ሆኖ ቀረ።

አብሮ መዋልን የሚቃወም ጠንካራ ሐሳብ የሚመጣው ከቅዱስ ጳውሎስ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 15 ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን ጠባይ እንደሚያበላሽ ጽፏል፤ ከተረቱ ጋር የተማከረ ይመስላል። ነገር ግን ያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ አንድ የሚዘነጋ ማብራሪያ አለ። አትተባበሩ ያልኳችሁ የዚህን ዓለም ሴሰኞችና ነጣቂዎች ማለቴ አይደለም፣ እንዲያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ይኖርባችሁ ነበር ይላል። ያስጠነቀቀው ወንድም እየተባለ ገንዘብ ከሚመኝ፣ ከሚሰክር፣ ከሚነጥቅ ሰው ነው። የሐዋርያው ስጋት ከውጭ ካለው ይልቅ ከውስጥ ያለው ነበር ማለት ነው። በመተማ መንገድ ለገንዘብ ሰው በሚታገትበት በዚህ ዘመን ነገሩ ግልጽ ነው፤ የአጋቹም የታጋቹም አንገት ላይ ማተብ ሊታሰር ይችላል። አረቄ ቤት ከሚያመሽ ሳሉግ ይልቅ የወጣቱን እምነት የሚያናጋው በዓል አክብሮ፣ ጽዋ ጠጥቶ፣ በማግሥቱ የሰው ደመወዝ የሚያስቀር አማኝ ነው።

«ክፉውን መማር ቀላል ነው፤ በጎውስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ፈስ መምህር አይፈልግም፤ እርሻ ግን ይፈልጋል። በጎ ጠባይ እንዲተላለፍ አብሮ መዋል ብቻውን አይበቃም፤ ያደረገውን ሰው ምን እንዳስከፈለው መታየት አለበት። በአጨዳ መካከል የጉልበት ዋጋ ሲወደድ ጎረቤት እርሻ ይበልጥ እየከፈለ ውሉን ጨርሶ የሚሄድ ሠራተኛ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ያጣው ገንዘብ የሚቆጠር ነውና። ወባ የጣለውን ጓደኛውን በትራክተር ተሳቢ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ ያደረሰ፣ የቀን ሂሳቡን ያጣ ሰውም እንዲሁ። እሑድስ? ሰሊጡ ሊረግፍ ደርሷል፣ ባለ እርሻው ይለምናል፣ ሰንበት ነው። ሰንበቱን አክብሮ ክፍያውን የሚተው ሰው አርኣያ ነው፤ በሬው ጉድጓድ ስለ ገባበት ሰው የተነገረውን አስቦ የታመመ ባልንጀራውን ድርሻ የሚያጭደውም አርኣያ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይህን የሚከራከሩኝ ካህናት እንደሚኖሩ ባውቅም። ሰንበቱንም ባልንጀራውንም ያላሰበ፣ ክፍያው እጥፍ ስለሆነ ብቻ ማጭዱን ያነሣ ግን ለማንም የሚያሳየው የለውም።

ለታይታ የሚደረግ በጎነት ግብዝነት አይደለም ወይ? ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ብርሃናችሁ ይብራ የተባለው ሰው በምዕራፍ 6 በሰው ፊት ለመታየት ብለህ አታድርግ ይባላል። በሰሊጥ እርሻ ዳስ ውስጥ ግን ይህ ክርክር ብዙ አያስኬድም። መስከረም 26 ጾመ ጽጌ ሲገባ የሚጾመውንና የማይጾመውን ሁሉም ያውቃል፤ ግድግዳ በሌለበት የሚደበቅ ነገር የለም። ለአንድ ቀን ማስመሰል ይቻላል፣ ለአርባ ቀን ግን አይቻልም።

ተረቱ አህያዋን መበደሉንም ማለፍ አይገባም። ጊደሯ ከአህያ ጋር ውላ የምትማረው ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው? ሸክም መቻሏንስ ማን አየላት? ደገኛው ቆለኛውን የሚያይበት ዓይን ይህን ይመስላል፤ የሚያስተምረው እርሱ፣ የሚማረው ቆላ። ደጉ ሳምራዊ አርኣያ ሆኖ የተሰጠን ግን አድማጮቹ የናቁት ወገን ስለነበረ ነው። ድንበሩም ይህን ያውቃል። በ1970ዎቹ ጦርነትና ረሃብ ከጎንደርና ከትግራይ የገፋውን ሕዝብ የተቀበለው በሱዳን የገዳሪፍና የከሰላ፣ በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ ሕዝብ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድድ ነገሩ ተገለበጠና ስደተኛው ከጋላባት ወደ መተማ ይሻገር ጀመር። ብድር የሚመለስበት ጊዜ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች ብዙ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት በዛብን ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ያ ምድር ራሱ በጦርነት ውስጥ ነበርና ፍርዱ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ከእኛ ጋር የዋለው እንግዳ ምን ተምሮ ሄደ ብሎ መጠየቅ የወንጌል ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ልጁን ቆላ አትውረድ ማለቱ መፍትሔ አይመስለኝም፤ እርሻው ሰው ይፈልጋል፣ ቤቱም ገንዘብ። የሚሻለው ቀድሞ እዚያ የሚጠብቀውን ሰው ማሰብ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለ እርሻውን። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የሚጮኸው የተቀረው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ነው ይላል፤ ይህ ለሰሊጥ አገር የተጻፈ ነው ቢባል ያስኬዳል። ኅዳር ላይ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ተሸጦ፣ ባለሀብቱ ስለት ሊያገባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የንስሐ አባቱ ጾሙን እንዴት እንደጾመ ይጠይቁታል። የሠራተኞቹን ሂሳብ ዘግቶ እንደሆነም ይጠይቁት፤ በወባ የወደቀው ልጅ ድርሻው ተልኮለት እንደሆነም።