«የማን ልጅ ነው?» — ስለ ሕግ መምህር ቅጥር

ባለፈው ሐምሌ እኛ የዲማ ልጆች የሆንን አራት ተማሪዎች ለዕረፍት አገራችን ገብተን ሳለን፣ በወሰን ክርክር ፍርድ ቤት የተቀጠሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አጫወቱን። ክሱን ነገሩን፤ ምስክሮቻቸውን ቆጠሩልን፤ ድንበሩ ዱሮ በየት በኩል ይሄድ እንደነበረ በከዘራቸው መሬት ላይ ሣሉልን። ዳኛው አዲስ መሆኑን ሰምተው ኖሮ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁን። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

እኛም ሳቅን። ትንሽ ፊደል የቀመሰ ሰው በሽማግሌ ጥያቄ መሳቅ ይቀናዋልና።

ማታ ግን ሳቁ አፈረብን። ምክንያቱም ከትምህርት ቤት ከመውጣታችን በፊት፣ የምንማርበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ለነገራችን አያስፈልግም) አንድ የሕግ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የአገራችን ልጅ መሆኑን በሰማን ቀን የተሰማን ደስታ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። ምን ጽፏል? እንዴት ያስተምራል? ሌሎቹስ እነማን ናቸው? ብለን የጠየቅን አልነበረም። ከኮሚቴው አባላት አንዱን በቅርብ ስለምናውቀው «ሄደን አንድ ቃል ብንጥልለትስ?» እስከ መባባል ደርሰን ነበር። እንግዲህ ከሽማግሌው በምን ተሻልን? እሳቸው የጠየቁት ፈርተው ነው፤ እኛ የጠየቅነው ግን ተመኝተን ነው።

የሕግ ተማሪዎች አይደለንም፤ የምናነበው ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ነው። ቢሆንም ጥያቄው የሁላችንም ነው ብለን ስለምናምን በዚህች መጽሔት ልናነሣው ወደድን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለሕግ መምህርነት ለሚወዳደር ወዳጅ ወይም ወንዜ ቃል መጣል ጥፋት ነውን?

«ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ» ይባላል። በማናቸውም የትምህርት ዘርፍ በዝምድና መቅጠር መጥፎ ነው። ሆኖም የኬሚስትሪ መምህር በአማላጅ ቢቀጠር፣ ውሃ ያው ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን መሠራቱን አይተውም። የሕግ መምህር ግን የሚቆመው «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» ብሎ ለማስተማር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ይህንኑ ይላል። መምህሩ በማን ቃል እንደገባ የሚያውቅ ተማሪ ያንን አንቀጽ ለፈተና ይሸመድደው ይሆናል፤ የሚያምነው ግን በዓይኑ ያየውን ነው። ስለዚህ የሕግ መምህር ትምህርት መስጠት የሚጀምረው ክፍል ከገባበት ሰዓት ሳይሆን ማመልከቻው ከታየበት ቀን ጀምሮ ነው እንላለን። ነገ ከዚያ ክፍል የሚወጡት ልጆች ናቸው የሽማግሌው ዳኞች።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። እኛም ማታ ማታ ተከራክረንበታል። «የአገሩን ልጅ መሻት ዘረኝነት ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ነገር የሚያውቅ መሻትም ነው» ይላል ተቃውሞው። እውነት አለው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3367 ቁጥሮች ሲኖሩት፣ ቁጥር 3347 ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ጸንቶ የቆየውን ልማድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሻረው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈትም የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበር፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነበር። የዲማ ሰው ግን ቁጥር 3347ን ሳይሰማ እስከ ዛሬ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ካሣም ይካካሳል። ታዲያ ይህን የሚያውቅ መምህር ቢመጣልን ምን ነውር አለው?

ነውር የለውም። ነገር ግን የምንሻው ዕውቀቱን ከሆነ ስለ ዕውቀቱ እንጠይቅ እንጂ ስለ ትውልዱ ለምን እንጠይቃለን? እዚያው ፋኩልቲ ውስጥ የሆነውን እንይ። በቤተ ክህነት የትርጓሜ ቤት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ሲሰጥ የኖረውን ፍትሐ ነገሥት ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አባ ጳውሎስ ጻድዋ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ለኅትመት ያዘጋጀው ፒተር ስትራውስ የውጭ አገር ሰው ነበር። ፋኩልቲውም እ.ኤ.አ. በ1968 አሳተመው። «የእኛ ልጅ ካልሆነ የእኛን ነገር አያውቅም» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይሰናከላል። የዲማ ልጅ ሆኖ የእርቅን ሥርዓት ከቁም ነገር የማይቆጥር አለ፤ የጅማ ወይም የአዲግራት ልጅ ሆኖ ዓመታት ያጠናው ይኖራል። «እርቅንና ቁጥር 3347ን በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት አድርገህ ታስተምራለህ?» የሚል ጥያቄ በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ለሁሉም እኩል ይቅረብ። የአገራችን ልጅ ከመለሰው እሰየው! ሌላው የበለጠ ከመለሰው ደግሞ ያ ሰው ነው መምህራችን።

ዲማ ስንል ሐዲስ ዓለማየሁን አለማስታወስ አይቻልም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዲማው ጌታ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ። የፊታውራሪው ቤተ ዘመድ የሆነው ካሣ ዳምጤ የገዛ ወገኖቹን ሥራ «ልክ አይደለም» ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ ለዚህም «ጉዱ ካሣ» ተባለ። እስቲ አንባቢ ይፍረድ፤ ጉዱ ካሣ ዛሬ የማመልከቻ ፎርም ቢሞላ ማን ቃል ይጥልለታል? ወገኖቹ እንኳ አይጥሉለትም። ነገር ግን ሕግ ለማስተማር ከዲግሪው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ያው የእሱ ጠባይ ይመስለናል፤ ወገኑ ሲያጠፋ አጠፋ ማለት። ይህን ጠባይ ደግሞ በወገን ቃል የገባ ሰው ከየት ያመጣዋል? ገና ከበሩ ባለዕዳ ሆኖ ገብቷል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የመጣው ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። የተወዳዳሪው እናት ቡና አፍልተው ጠሩን። ነገሩን ሰምተዋል። «ልጆቼ፣ እናንተ እዚያው ናችሁ፤ አንድ ቃል ተናገሩለት እንጂ» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ፈራ ተባ እያለ፣ «እማማ፣ እኛ ለእሱ ከተናገርን፣ ሰው የሌለውስ ልጅ ምን ይሁን?» አላቸው። እሳቸውም ሲኒውን እያቀረቡ፣ «እናንተ ዝም ብትሉ ሌላው ዝም የሚል መሰላችሁ?» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለንም። ሌላው ቃል ሲጥል እኛ ብቻ ዝም ካልን፣ የምንጎዳው ሌላውን ሳይሆን የእኝህን እናት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ግን ዳኛ ከተከራካሪው ጋር ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣ ዘንድ ሕግ ያዝዛል። ሕጉ «ሌሎች ዳኞች ሁሉ ከተነሡ ብቻ ተነሣ» አይልም። ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ የሚቀጠረው ብዙ አማላጅ ያለው ነው፤ ይህም ለእኝህ እናት ልጅ የሚበጅ አይመስለንም፤ ከእኛ የበለጠ አማላጅ ያለው ሞልቷልና።

ስለዚህ ወደ ኮሚቴው አባል ቤት አልሄድንም። በምትኩ አንዲት ማመልከቻ ጽፈን አራታችንም ፈረምንባት። ያልነውም ሁለት ነገር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በተማሪ ፊት አንድ አንድ ሰዓት ያስተምሩ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብላቸው። የቆሎ ተማሪ መምህሩ ካላረካው አኩፋዳውን አንግቶ ከዲማ ወደ ዋሸራ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ይሻገራል። እኛ መሻገሪያ የለንም፤ ቢያንስ መስማት ይፈቀድልን ነው ያልነው።

መልስ እስካሁን አልመጣም። የአገራችን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኘን ሰላምታው ቀዝቅዟል፤ እናቱ ሳይነግሩት አልቀሩም። የሽማግሌው ቀጠሮም ወደ ኅዳር ተዛውሯል። የዳኛውን የትውልድ አገር ሰው አጣርቶ ነግሯቸው ይሁን አይሁን አናውቅም፤ እኛ ግን አልነገርናቸውም።