ስለ ጣራ ሥራና ስለ ተሠወረ ጥፋት

ለቤቱ አዲስ ጣራ ያስመታ ሰው ሥራውን የሚያየው ከምድር ቆሞ ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያንጸባርቅ ያያል፤ ደስ ይለዋል፤ የቀረውንም ሒሳብ ቈጥሮ ይሰጣል። ሚስማሩ በየት በኩል እንደ ገባ፥ ከቆርቆሮውም በታች ያለው እንጨት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ግን መሰላሉን ወጥቶ የወረደው አናጢ ነው። ከእጅ ሥራ ሁሉ እንደዚህ አሠሪውን በሠሪው ሕሊና ላይ የሚጥል ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ከአሮጌዎቹ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖር አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰውን የጭቃ ቤት፥ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ በግንቦት መጀመሪያ አስለወጠ። ክረምት ሳይገባ ይደርስ ዘንድ አናጢውን አጣደፈው፤ በዋጋውም እስኪታክተው ድረስ ተከራከረው። ሥራው ካለቀ በኋላ ኳስ ሊያወርድ የወጣ ልጁ «ሚስማሩ በጣቴ ይነቀላል» ብሎ ቢነግረው፥ አባትየው ራሱ ወጥቶ አየ። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ መመታት ሲገባው በብዙ ስፍራ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ተመትቷል። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል መደረብ ሲገባው በአንድ ብቻ ተደርቧል። ከሁሉም የከፋው ግን ምስጥ የበላው አሮጌ ማገር ሳይለወጥ አዲሱ ቆርቆሮ በላዩ መመታቱ ነው።

አናጢው ተጠርቶ በመጣ ጊዜ የመለሰው ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «ዘነበን? አፈሰሰን? ያላፈሰሰ ጣራ እንዴት ተበላሸ ይባላል? ደግሞስ በዚያ ዋጋ ምን ጠብቀው ነበር?» አለ።

ጥፋት ጉዳት በደረሰ ጊዜ ብቻ የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ዳኛም ምስክርም በሆነ ነበር፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመት የሰነፍ ሥራ መልካም ይባል ነበርና። በቅኔ ጉባኤ ቤት ሳይመታ የቀረ ቅኔ፥ ሰሚው ሁሉ ቢያደንቀውም፥ ስሕተቱ የጀመረው መምህሩ በነቀፈው ጊዜ ሳይሆን ባለ ቅኔው ባጐደለው ጊዜ ነው። ቆርቆሮም ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፥ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ በዚህም መመላለስ የሚስማሩ ቀዳዳ ቀስ በቀስ ይሰፋል። የሚገባው ውኃ መጀመሪያ የሚያገኘው ማገሩን ነው፤ የአቡጀዲው ኮርኒስ ቢጫ ሆኖ እስኪታይ ድረስ እንጨቱ በስውር ይበሰብሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ማዘዙ፥ የአንድ ክረምት ምስክርነት እንደማይበቃ በማሰብ ይመስላል።

የዋጋው ነገር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ጥቂት የከፈለ ሰው ቀጭን ቆርቆሮ ቢሰጠው አያጕረመርም። ነገር ግን በጉብታው ላይ የሚመታ ሚስማርና በቦዩ የሚመታ ሚስማር ዋጋቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመቺው ትጋት ብቻ ነው። ማገሩ ግን እንደዚህ አይደለም፤ እንጨት በገንዘብ ይገዛል። ለበሩ ቀለም ገንዘብ ያላጣው ባለቤት ስለ ማገር ሲነሣ ኪሱን ጨብጦ ነበርና በዚህ በኩል ንጹሕ ነው አይባልም። አናጢውም «በዚህ ዋጋ እንጨቱን አልለውጥም» ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ነጻ በሆነ ነበር፤ ዝም ማለቱ አሳሰረው።

በዚሁ ጣራ ሥር በዳር ባለው ክፍል አንዲት መበለት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ብርቱ ነፋስ ቢነሣ፥ የበሰበሰው ማገር ሚስማሩን ቢለቅ፥ ቆርቆሮው የሚገለበጠው በእነርሱ ላይ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22፥ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከጣራው ማንም እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ ያድርግ ብላ ስታዝ፥ የምትናገረው ለአናጢው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው፤ የምትናገረውም ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ይህ ሰው ወደ ጣራው እስኪወጣ ድረስ የተታለለ ነበረ፤ ከወረደ በኋላ ግን የሚያውቅ ሰው ሆነ።

ነገሩ ወደ ሰፈር ሽማግሎች ደረሰ። ከቦዩ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳ ትቶ ይሄዳልና ስድስት ቆርቆሮ ሊለወጥ ግድ ሆነ። ይህን አናጢው እንዲገዛ፥ ማገሩን ባለቤቱ እንዲገዛ፥ አናጢውም ለድካሙ ሌላ ዋጋ ሳይጠይቅ እንደገና እንዲመታ ፈረዱ። ሁለቱም እያጕረመረሙ ተቀበሉ። ሊነሡ ሲሉ ከሽማግሎቹ አንዱ ወደ ባለቤቱ ዘወር ብሎ «ለሴቲቱስ ነግረሃታልን?» ሲል ጠየቀው።

አልነገራትም ነበር። ሰኔ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በዚያው ማታ ሄዶ በሯን አንኳኳ።