ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ዕዳ አለበትን?

ሰው ብቻውን ሳለ የሚሠራው ስሕተት የራሱ ብቻ ነውን? በገበያ ሚዛን ቢያጎድል ገዢው ይጮኽበታል፤ የጎረቤቱን ድንበር ቢገፋ ጎረቤቱ በሽማግሌ ፊት ያቆመዋል። ማንም በሌለበት ዱር መንገድ ቢስት ግን ከሳሹ ማን ነው? «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» እንዲሉ፣ ብቻውን የሚሳሳትም ፈራጅ የሌለው ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን በሩቅ አገር በአንድ አሮጌ የጫካ መንገድ ላይ ያጋጠመን ነገር ይህን አሳባችንን ስለ ለወጠው፣ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍለው ወደድን።

መንገዱ የሚገኘው በኖርዌይ ነው። ንጉሥ ኦላቭ ሃራልድሶን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1030 ዓ.ም. በስቲክለስታድ ጦርነት ወድቆ በኒዳሮስ፣ ማለት በዛሬዪቱ ትሮንድሄም፣ ከተቀበረ በኋላ፣ ብዙ ሕዝብ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ወደ መቃብሩ በእግሩ ይጓዝ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1537 ዓ.ም. የሉተር ተሐድሶ በአገሩ ሲጸና ይህ ጉዞ ቀረ፤ ጽድቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ በእግር ድካም የሚገዛ እንዳይደለ ተሰብኳልና። መንገዱንም በብዙ ስፍራ ሣርና ዛፍ ዋጠው። በ1997 ዓ.ም. ግን ምልክት ተደርጎበት እንደ ገና ተከፈተ፤ ከኦስሎ እስከ ትሮንድሄም ርዝመቱ 643 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ የሚሄዱበት ሰዎች አንዳንዶቹ ለጸሎት፣ አንዳንዶቹ ጸጥታን ፍለጋ፣ አንዳንዶቹም አገር ለማየት ይሄዳሉ።

እኛ የሄድነው ከዚህ ሁሉ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። በጉድብራንድስዳል ሸለቆ፣ በ1220 ዓ.ም. ገደማ ከእንጨት የተሠራውን የሪንጌቡን ቤተ ክርስቲያን ጎብኝተን፣ በማለዳ ብቻችንን ወደ ሰሜን ተነሣን። ጫካው ጥድ በሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች የተሞላ ነው፤ ምድሩንና ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ አረንጓዴ ሽበት ስለ ሸፈነው የእግር ድምፅ እንኳ አይሰማም። ምልክቱ የኦላቭን መስቀል የያዘ ትንሽ ሥዕል ሲሆን በእንጨት ምሰሶ ላይ ይታያል። በአንዳንድ ስፍራ ግን ምልክት ከምልክት ይራራቃል፤ ያለውም ደብዝዞ ወይም በቅጠል ተከልሎ ይገኛል።

ከቀትር በኋላ መንገዱ በሁለት ተከፈለ። ምልክት ፈለግን፤ አላየንም። በግራ በኩል ግን በጭቃው ላይ የሰው ጫማ ያረፈበትን ዱካ አየንና «ከእኛ በፊት የሄደው ሰው ያውቃል» ብለን ተከተልነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። ምልክት አለማየታችን ልባችንን ቢያስጨንቀውም፣ የደከምንበትን መንገድ መልሶ መርገጥ ስለ ከበደን «ጥቂት እንጨምር» እያልን ራሳችንን አታለልን። በመጨረሻ ዱካው ከአንድ ረግረግ ዳር ደርሶ ጠፋ። ከእኛ በፊት የሄደው ሰው አያውቅም ነበር፤ እርሱም እንደ እኛ ስቶ ኖሯል።

በዱር ምልክት ለጠፋበት ሰው የሚበጀው በእርግጥ ወዳየው የመጨረሻ ምልክት መመለስ ነው። ወደ ፊት የሚገፋ ሰው መንገዱን የሚያገኝ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርምጃ የመመለሻውን ርቀት ይጨምርበታል። ስለዚህ ተመለስን። ከመገንጠያው ደርሰን በትዕግሥት ብንፈልግ፣ ምልክቱን በቀኝ በኩል ከቅርንጫፍ ጀርባ ተሸፍኖ አገኘነውና ደስ አለን። ወዲያው ግን ዐይናችን ወደ ጭቃው ወረደ። ስንመጣ በዚያ የነበረው የአንድ ሰው ዱካ ነበር፤ አሁን ግን እኛ ስንሄድና ስንመለስ ስለ ረገጥነው፣ የተሳሳተው መንገድ ከእውነተኛው ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። እኛ ብንመለስም ዱካችን በዚያ ቀርቶ ሌላውን ይጠራል።

በዚያ ሰዓት በልባችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው አሳብ «ማንም አላየንም፤ ፀሐይም አዘንብላለች፤ መንገዱን የሚጠብቁ ሌሎች አሉ፤ የሚመጣውም ሰው ዐይን አለው» አለን። ከዚህ ሁሉ ቃል አንዱ እንኳ ሐሰት አልነበረም። ሁለተኛው አሳብ ግን «የሚመጣው ሰው ሲመሽ ቢደርስስ? ዝናብ ቢይዘውስ? የሚያምነው የእናንተን ዱካ አይደለምን?» ሲል ጠየቀን። መልስ አጣን። ስለዚህ የወደቁ ቅርንጫፎች ሰብስበን በተሳሳተው መንገድ አፍ ላይ አጋድመን አለፍን። ሥራው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እስከ ማታ ስንሄድ ይህን አሰላሰልን። ያን የተሳሳተ መንገድ ወጥመድ ሊያኖር የፈለገ ጠላት አልሠራውም። የሠሩት ቅን ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የቀደመውን አምኖ ገባ፤ ሲመለስም ዝም ብሎ አለፈ። በዓለም ብዙ ክፉ ልማድ የሚጸናው እንዲህ አይደለምን? አባት በመጠጥ ቤቱን ሊያፈርስ ደርሶ ይመለሳል፤ ስለ ኀፍረት ግን ለልጁ አይነግረውም፤ ልጁም የአባቱን የቀድሞ ዱካ ተከትሎ ይገባበታል። ነጋዴ በአራጣ ተጠምዶ በጭንቅ ይወጣል፤ ጎረቤቱ ወደዚያው ሲያመራ እያየ ግን ዝም ይላል። መመለሳቸው መልካም ነው፤ ዝምታቸው ግን የጥፋቱን መንገድ ክፍት አድርጎ ይተወዋል።

እንግዲህ ሰው ነውሩን ሁሉ በአደባባይ ይዘርግፍ ማለታችን ነውን? አይደለም። ቅርንጫፉ የሚጋደመው በመገንጠያው ላይ ነው እንጂ በየመንደሩ አይደለም። ስሕተትን ለሚጠቅመው ሰው፣ በሚጠቅመው ሰዓት፣ በአጭር ቃል መንገር ይበቃል፤ አብዝቶ የሚናገር ከስሕተቱ ለራሱ ሐውልት ሊያቆም ይችላልና። ደግሞም ቅርንጫፍ ማጋደማችን ስሕተታችንን አልደመሰሰውም። ይቅርታ ከጸጋ ነው እንጂ ከእጃችን ሥራ አይደለም። ነገር ግን ይቅር የተባለ ሰው ለወንድሙ የፍቅር ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ሸለቆ በስተሰሜን፣ መንገዱ ወደ ዶቭሬ ተራራ በሚወጣበት ስፍራ፣ «አልማንሮይሳ» የሚባል የድንጋይ ክምር አለ፤ ትርጓሜው የሁሉ ሰው ክምር ማለት ነው። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ አንድ ድንጋይ የመጨመር ልማድ ነበረው። በዚያው ተራራ ንጉሥ ኤይስቴይን በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለመንገደኞች ማደሪያ ቤት እንዳሠራ የኖርዌይ የጥንት የነገሥታት ታሪክ ይናገራል። ድንጋዩን ያኖረ ሰው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን አያውቀውም፤ እኛም ምልክቱን ያቆሙትን ሰዎች በስም አናውቃቸውም። ብቻችንን ሄድን ስንል እንኳ የብዙዎች እጅ ይመራን ነበር።

ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ ዕዳ አለበት፤ ላለፉት ምስጋና፣ ለሚመጡት ጥንቃቄ። ሁላችንም ስተን የተመለስንበት አንድ መገንጠያ አለን። ሌላው ሰው ከመድረሱ በፊት፣ ቀኑም ሳይመሽ፣ ቅርንጫፉን እናጋድም።