«አላየሁህም»

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እኔ በስተቀኙ ነበርኩ። መጀመሪያ አፍንጫውን ወደ ግራ ሲያደርግ ቀጥታ የሚሄድ ነው የመሰለኝ። ፍሬቻ አሳይቶ ከሆነም አላየሁም። ጋቢናው በሰላም አለፈኝ፤ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ወደ እኔ እየተጠጉ መጡ። ሳይክሌን ጥዬ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘለልኩ። እኔ ክርኔ ተላጠ፣ የሳይክሌ ቸርኬ ደግሞ ተጣሞ ቀረ።

ሹፌሩ ሰው ሲጮህበት ቆመ። ወርዶ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ በማርያም፣ አላየሁህም።»

አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ከዚያ በኋላም ለወራት ያቺ ቃል ስታናድደኝ ከረመች። አለማየት እንዴት ምክንያት ይሆናል? እኔና ሳይክሌ ተደምረን 85 ኪሎ ብንሆን ነው። እሱ ከነጭነቱ 40 ቶን ቢመዝን ከ400 እጥፍ በላይ ይበልጠኛል። 400 እጥፍ የምትበልጠውን ሰው አለማየት ራሱ ጥፋት አይደል? ደግሞም ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» እያልን የምንጠራ ሰዎች ነን። ስሙ ከወጣ በኋላ መሪውን የያዘው ሰው መሆኑ ይረሳል። እኔም ረስቼው ነበር።

አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው፤ ከ20 ዓመት በላይ ነድተዋል። የሆነውን ስነግራቸው አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። «ና ውጣ» ብለው የቆመ መኪናቸው ጋቢና ውስጥ መሪው ጋ አስቀመጡኝ። ረዳታቸው ሳይክሌን ይዞ በቀኝ በኩል እንዲቆም አዘዙት። በስፖኪዮው ፈለግሁት፤ የለም። በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ ፈለግሁት፤ የለም። «የት ሄደ?» ስል ረዳቱ ከታች በሩን አንኳኳ።

«ለዚህ ነው ረዳት የሚያስፈልገው» አሉኝ ጋሼ። «የቀኝ ዓይኔ እሱ ነው። እሱ የተኛ ጊዜ አንድ ዓይና ነኝ።»

እውነቱን ለመናገር ከጋቢናው ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ቁጣዬ መልስ ያገኘ መሰለኝ። እኔ ፕሮግራመር ነኝ። በእኛ ሙያ ሲስተም ሲወድቅ ማንንም ሳንወቅስ ተሰብስበን የሆነውን እንመረምራለን። ጥያቄው «ማን?» ሳይሆን «ለምን ይህ ሊሆን ቻለ?» ነው። ይሄም እንደዚያው ነው አልኩ። ሹፌሩ ክፉ አይደለም፤ ጋቢናው ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፣ ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ተከትሎ አይሄድም፣ ማዕዘኑን ቆርጦ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱም ለሁለታችን በአንድ ላይ አልታሰበም። ለንደን ይህን ችግር እንደ ንድፍ ችግር ነው የያዘችው። ከ12 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌሩ ከጋቢናው በዓይኑ ምን ያህል ማየት እንደሚችል ተለክቶ ከ0 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል፤ በ2024 ደግሞ ዝቅተኛው ኮከብ ከ1 ወደ 3 ከፍ ብሏል። ኮከቡ ያልሞላለት ካሜራና ሴንሰር ማስገጠም አለበት። እዚያው ከተማ ፖሊስ ብስክሌተኞችን ጋቢና ውስጥ እያስቀመጠ ያሳይ ነበር፤ ልክ ጋሼ እኔን እንዳደረጉኝ። በቃ፣ ጥፋተኛ የለም፤ የሚስተካከል ነገር ብቻ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በጉጉት አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «እኔኮ አንድ ልጅ ገድያለሁ» አሉ።

ቤተሰብ ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። ከ15 ዓመት በፊት፣ ሞጆን አለፍ ብሎ፣ ሊመሽ ሲል፣ መብራት በሌለው ሳይክል ከመጋቢ መንገድ በድንገት የወጣ ወጣት። ፍጥነታቸው ልክ ነበር፣ አልጠጡም፣ ፍሬኑም ደህና ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ለካ፣ መረመረ፣ ጥፋት የለብዎትም አላቸው። «እሱ የለብህም ሲለኝ ቅር አለኝ» አሉኝ። ሽማግሌ ልከው ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ ስኳርና ቡና ይዘው የልጁን እናት ይጠይቃሉ። በመጀመሪያው ዓመት በሩ አልተከፈተላቸውም። በአራተኛው ዓመት ቡና ተፈላላቸው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ሞራል ዕድል በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ያነሳው ምሳሌ የጭነት መኪና ሹፌር መሆኑ ገርሞኛል። ሹፌሩ ያለ ምንም ጥፋቱ አንድ ሕፃን ይገጫል። ዊሊያምስ የሚለው፣ ይህ ሰው የሚሰማው ጸጸት ዳር ቆሞ ያየ ሰው ከሚሰማው ኀዘን የተለየ ነው። እኛ ትክክል ሆነን «አይዞህ፣ አንተ አላጠፋህም» እንለዋለን። ግን ወዲያው «እውነት ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ምሳውን ቢበላ እንጠረጥረዋለን። ጥፋት የለም፤ ባለቤት ግን አለ።

ሕጋችንም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የተጎጂው ጥፋት ካለበት ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ መነሻው ግን ከባድ ነገር መንገድ ላይ ያወጣ ሰው ሸክሙን ይዞ ይወጣል የሚል ነው። ልዩነቱ ሕጉ የሚያየው ባለንብረቱን መሆኑ ነው። ጋሼ መኪናው የሳቸው አልነበረም። ካሳውን ሌላ ሰው ቢከፍለውም ቡናውን ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

የኔን ነገር ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ኮድ የደንበኞችን ሒሳብ ለጥቂት ሰዓታት ሁለት ጊዜ ቆረጠ። ኮዱን ሌላ ሰው ገምግሞታል፣ ፈተናውን አልፏል፣ እኔ ማሽን ላይ ሠርቷል (ይሄ ቀልዳችን ነው)። ገንዘቡ በማግስቱ ተመለሰ። ስብሰባ ተደረገ፣ ማንም አልተወቀሰም፤ ጥሩ ሰነድ ጻፍን። ያን ቀን የደወሉ አንዲት ሴትዮ ድምፅ ተቀድቶ ነበርና ሰማሁት። ለልጃቸው መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው ሒሳባቸው ባዶ ሆኖባቸው ነው። መልሼ ልደውልላቸው አሰብኩ። አልደወልኩም። ሥራዬ አይደለም፣ ደግሞም ጥፋተኛ አልነበርኩም።

ስብሰባችን መጥፎ አይደለም። ሰውን መውቀስ ብቻ ቢሆን ሁሉም ስህተቱን ይደብቃል፣ ጋቢናውም ዓይነ ስውር ሆኖ ይቀራል። ግን «ማን?» የሚለውን ጥያቄ ከስብሰባው ስናስወጣው ከራሳችንም አብሮ የወጣ ይመስለኛል። ያ የሳሪሱ ሹፌር «አላየሁህም» ሲለኝ እኔ ምክንያት ሲደረድር ነው የሰማሁት። አሁን ሳስበው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቸርኬውን ላሠራልህ ብሎኝም ነበር፤ ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለጋሼም ጭምር። እምቢ ብዬው ሄድኩ። ስልኩን እንኳ አልተቀበልኩትም።

እኔስ ምን አለብኝ? ታጣፊ መኪና በስተቀኝ ሾልኮ ማለፍ እንደሌለብኝ ማንም አላስተማረኝም። ብሞት ኖሮ ግን ያ ሰው በየዓመቱ የእናቴን በር ያንኳኳ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት እዚያው መታጠፊያ ላይ ሲኖትራክ ደረሰብኝና ከኋላው ቆምኩ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝ። እጁን አወናጨፈ፤ እለፍ ይሁን ቁም አልገባኝም። እስኪታጠፉ ጠበቅኩ።