አይዲ የምንጠይቀው ማንን ፈርተን ነው?

እስቲ ቆላስይስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 22 እና 23ን አውጡልኝ። ጳውሎስ እዚህ ላይ ለባሪያዎች ነው የሚናገረው። አለቃቸው ሲያይ ብቻ የሚተጉ፣ ዘወር ሲል የሚለግሙ እንዳይሆኑ ይመክራቸዋል። ሥራቸውን የሚያየው ጌታ ነውና።

ይህን ቃል ወደ ሥራ ቦታችን ላምጣው። ከመካከላችን ብዙዎች በጋዝ እስቴሽንና በትንንሽ ሱቆች ካሸር ናችሁ። የራሳችሁ ሱቅ ያላችሁም አላችሁ። በአሜሪካ ከ2019 ዲሴምበር ወዲህ ሲጋራም ሆነ ቬፕ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከ2024 ሴፕቴምበር 30 ጀምሮ ደግሞ ገዢው ከ30 ዓመት በታች ከሆነ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማየት ግዴታ ነው።

አገር ቤት ብዙዎቻችን "ሂድ አንድ ሲጋራ ግዛ" እየተባልን ሱቅ ስንላክ ነው ያደግነው። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። ዛሬ ግን በኢትዮጵያም ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል።

እዚህ አገር ቁጥጥሩ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት ከኢንስፔክተር ተልኮ ይመጣና ሲጋራ ይጠይቃል። ከሸጣችሁለት መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። ከተደጋገመ የገንዘብ ቅጣት ይከተላል፤ ከዚያም ሱቁ ትምባሆ እንዳይሸጥ እስከ መታገድ ይደርሳል። ስለዚህ ወጣት ሲገባ "ይሄ የተላከ ይሆን?" ብለን እንፈራለን። መልካም። ያልተላከው ሲመጣስ?

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ሴሚናሪ እየተማርኩ ሌሊት ካሸር ነበርኩ። ያኔ በነበርኩበት ቦታ የዕድሜው ገደብ 18 ነበር። አንድ ሌሊት ሰልፉ ረዝሞ፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ሲጋራ ጠየቀኝ። አይዲ ሳልጠይቀው ሸጥኩለት። ማንም አልያዘኝም። ደብዳቤም አልመጣም። በሳምንቱ ግን ልጁ ተመልሶ መጣና "የባለፈውን ስጠኝ" አለኝ። ወገኖቼ፣ ኢንስፔክተር አላየኝም፤ ልጁ ግን አይቶኛል። ጌታም አይቶኛል። ቀን ቀን ሥነ መለኮት የምማር ሰው፣ ሌሊት አንድን ልጅ ወደ ሱስ መንገድ አስገባሁ።

"እኔ ባልሸጥለት ቀጥሎ ካለው ሱቅ ይገዛል" ትሉኛላችሁ። ይገዛ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ እጅ አይሁን። ጌታ በማቴዎስ 18 ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ቀላል ቃል አይደለም። አብዛኛው አጫሽ የጀመረው በልጅነቱ ነው፤ ኒኮቲን ገና በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ይጎዳል። ያ ልጅ ደግሞ እዚሁ አጠገባችሁ የተቀመጠችው እህት ልጅ ሊሆን ይችላል።

የሱቅ ባለቤቶች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ሌሊት ብቻውን የሚሠራው ካሸር አይዲ ስለጠየቀ በደንበኛ ተሰድቦ ሲውል፣ እናንተ ደግሞ "ሽያጭ ቀነሰብኝ" ብላችሁ አትጨምሩበት። "ደግ አደረግህ" በሉት። ያ ቃል ያጸናዋል።

ነገ ሺፍት ስትገቡ ይህን አስቡ፦ የሚገባው ልጅ ሁሉ የተላከ ነው። ኢንስፔክተር ያልላከውንም ጌታ ወደ እናንተ ልኮታል። በትሕትና "አይዲ ይዘሃል?" በሉት። ከሌለው በፍቅር መልሱት። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።