ጾም ለጤና ነውን?

አንዳንዶች ጾምን «ውፍረት ይቀንሳል» እያሉ ያመሰግኑታል። ለጤነኛ ሰው ሽሮው፥ ምስሩና ጎመኑ በእርግጥ ይስማሙታል። ነገር ግን ጾም የታዘዘው ለጤና ቢሆን ኖሮ፥ ከሁሉ አብልጦ መጾም የሚገባው ሕመምተኛ በሆነ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ግን ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፈዋል።

በሸዋ ሮቢት ሐሩር ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ ጽድቅ አይደለም፤ ጾም ሥጋን መግዛት እንጂ መግደል አይደለምና። እንግዲህ ሕመምተኛው ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር። ጤነኛው ደግሞ ያስቀረውን ቁርስ ለተራበ ጎረቤቱ ያድርስ፤ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ያስተማረን ጾም ይህ ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።