የቤት ወጪ ሲቀነስ የሚጐድለው የማን ድርሻ ነው?

የኑሮ ውድነት በጸና ጊዜ ሁሉ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ከእንግዲህ ወጪ መቀነስ አለብን» የሚለው ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት በአገራችን የሸቀጥ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ30 በመቶ በላይ ጨምሮ ሳለ ይህ ቃል ተነገረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ባለፈ ጊዜም ደግሞ ተነገረ። ቃሉ መልካም ነው። እኛ የምንጠይቀው ግን «ወጪ መቀነስ አለብን» ብሎ የሚናገረው ማን ነው? ከተቀነሰ በኋላስ የሚጐድልበት ማን ነው? ብለን ነው። ብዙ ጊዜ ተናጋሪውና የሚጐድልበት ሰው አንድ አይደሉምና።

ስለ ቍጠባ ከሚጻፈውና ከሚነገረው አብዛኛው የሒሳብ ትምህርት ነው፤ ገቢህን ቍጠር፣ ወጪህን ጻፍ፣ የቀረውን አስቀምጥ የሚል ነው። ይህን አንነቅፍም። ጌታችንም ስለ ግንብ ሠሪው በተናገረው ምሳሌ ወጪን አስቀድሞ ማስላትን የማስተዋል ምልክት አድርጎታል። ዳሩ ግን መደመርና መቀነስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቤቱ ውስጥ ፍርድን ያውቃል ማለት አይደለም። አንድ ቤት በወሩ መጨረሻ ገንዘብ ተርፎት ሳለ ግፍ የተሠራበት ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቤት በጀት ከሒሳብ አስቀድሞ የፍርድ ነገር ነው እንላለን።

እስቲ ነገሩን በማዕድ ላይ እንመልከተው። በደጋው አገር ልማድ የቤቱ እመቤት እንግዳውን፣ ባሏንና ልጆቿን ካበላች በኋላ በመጨረሻ ትበላለች። መሶቡ ሙሉ ሳለ ይህ ትሕትናና ፍቅር ነው። እንጀራው ባነሰ ጊዜ ግን ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይፈርድ፣ የጐደለው ሁሉ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ከእርሷም በታች አንዲት አለች፤ ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታገለግለው ልጅ ናት። የዚህች ልጅ ደመወዝ ሲጨመር እጅግ ይዘገያል፤ ቤቱ ሲቸግረው ግን በመጀመሪያ የሚታሰበው የእርሷ ደመወዝ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 እንኳ የቤት አገልግሎትን ከሚገዛቸው ውሎች ውጪ አድርጎ ለሌላ ደንብ ትቶት ነበር። እንዲህ ሕግ ባልደረሰበት ስፍራ የአሠሪው ኅሊና ብቻውን ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ሦስተኛይቱ ደግሞ በአገር ቤት ያለችው አሮጊት እናት ናት፤ በየወሩ የሚላክላት ጥቂት ብር «በዚህ ወር አልተመቸንም» ተብሎ ሲቀር፣ እርሷ የሩቅ ሰው ናትና ፊቷን የሚያይ የለም። እነዚህ ሦስቱ የሚመሳሰሉበት ነገር ወጪው እንዲቀነስ ሲወሰን ከወሳኞቹ ጋር አለመቀመጣቸው ነው።

በአንጻሩ ከማይቀነሱት ወጪዎች ብዙዎቹ ለሰው ዓይን የሚታዩ ናቸው። ከባልንጀራ ጋር በየምሽቱ የሚጠጣው ማኪያቶ ትንሽ ይመስላል፤ ለእንግዳ ተብሎ ብቻ የሚገዛው ማኛ ጤፍም እንዲሁ። ትልቁ ግን ድግስ ነው። ቀድሞ ሰዎች ለተዝካር ድግስ ሲሉ በሬያቸውን እስከ መሸጥ፣ መሬታቸውንም በወለድ አግድ እስከ ማስያዝ ይደርሱ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ ጉባኤዎቻችንም ያን ልማድ በመተዋቸው ነፃ እንደ ወጡ ይቈጥሩታል። ነገር ግን ለሙታን መደገስን የተውን ሰዎች ለሠርግ የምናወጣውን ብናሰላ፣ ብዙ እንዳላተረፍን እንረዳለን። የኪራይ መኪኖች ሰልፍ፣ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ዋጋ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚለበስ ልብስ፣ ሚዜዎቹም በገዛ ኪሳቸው እንዲገዙት የሚታዘዙት አንድ ዓይነት ልብስ፣ ይህ ሁሉ «ሰው ምን ይለናል» በሚለው አንድ ቃል ላይ የተሠራ ነው። የአገራችን ሰው «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ብሎ ተርቷል፤ ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ሠርግ በደረሰ ጊዜ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ ሲባል የሚገባበት ዕዳ ደግሞ ከድግሱ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው። ሆኖም የቸገረው ሰው ሕጉን ሳይሆን ገንዘብ ያለውን ጎረቤት ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል 50,000 ብር በወር ከመቶ 10 የተበደረ ሰው በየወሩ 5,000 ብር ይከፍላል፤ በዓመቱ 60,000 ብር ከፍሎ ሳለ 50,000ው ገና እንዳለ ይቈየዋል። ሙሽሮቹ የጋብቻቸውን የመጀመሪያ ዓመት በእንዲህ ያለ ቀንበር ሥር ይጀምራሉ፤ በዚያም ጊዜ «ወጪ እንቀንስ» ሲባል የሚቀነሰው የሚወለደው ሕፃን ወተት ይሆናል።

ከዚህም የሚያሳዝን ነገር አለ። ከወሎም ሆነ ከሌላው የአገራችን ክፍል ወጥተው በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በኵዌትና በሊባኖስ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች ልጆቻችን ደመወዛቸውን ለቤተ ሰብ ይልካሉ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ፣ ከተመለሱት መካከል የላኩት ሁሉ አልቆ የጠበቃቸው ነበሩ። ገንዘቡ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጣራ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ወንድም ተድሯል፣ ዕዳ ተከፍሏል። ነገር ግን በቤቱ ሒሳብ ውስጥ የልጅቱ ገንዘብ ባለቤት እንደሌለው ዝናም ተቈጥሮ ነበር። ከምትልከው ላይ ሩቡን እንኳ በስሟ በባንክ ማስቀመጥ ለአባትየው ከባድ ነገር አልነበረም፤ ከባዱ ነገር እርሷን በማዕዱ ዙሪያ ካሉት ጋር መቍጠር ነበር።

እንግዲያውስ ወጪ መቀነስን እንተው ወይ? የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። የማንንም ድርሻ ሳይነኩ፣ እንዲያውም የደካማውን ሸክም እያቀለሉ፣ ወጪን መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉና። ይህንንም ከወረቀትና ከቀለም አስቀድመው የደጋው እናቶች ያውቁት ነበር። በመኸር ጊዜ እህሉ በጎተራ ሲገባ የቤቱ እመቤት በቍና እየሰፈረች ለዘር፣ ለቀለብ፣ ለግብርና ለዕዳ፣ ለእንግዳም ትለየው ነበር። ለዘር የተለየው እህል ክረምቱ ምንም ቢከፋ እንዳይነካ ትጠብቀዋለች። ይህ በጀት ነው፤ ሌላ ስም አያሻውም። ባልየው በጥር ወር ገበያው በረከሰ ጊዜ ስለ ልብስ ሲል ጤፉን ሊሸጥ ቢያስብ፣ በነሐሴ ያንኑ ጤፍ በውድ እንደሚገዛው የምታስታውሰው እርሷ ናት።

ዛሬ በከተማ በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ጎተራ የለውም፤ ክረምት ግን አለው። እርሱም ጳጉሜን ነው። የደመወዝ ወራት 12 ሲሆኑ፣ ሰው ግን በ13ኛይቱም ወር ይበላል፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብትሆንም ደመወዝ የላትም። ወዲያውም ዘመን መለወጫ ይከተላል፤ ከእርሱም ጋር የልጆች የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ። ብዙ ቤት ዓመቱን ሙሉ ተጠንቅቆ ኖሮ በዚህ ሳምንት ወደ ዕዳ ይገባል፤ ከዚያም በኋላ «ምን ነካን?» ይላል። ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም፤ ጳጉሜን በየዓመቱ ቀኗን ሳትስት ትመጣለች። ለመስከረም 6,000 ብር የሚያስፈልገው ቤት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ነሐሴ በየወሩ 550 ብር ያህል ቢለይ፣ መስከረም እንደ ሌላው ወር ትሆንለታለች። ብቻውን ማስቀመጥ ለሚከብደው ሰው ደግሞ ዕቁብ አለ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፣ ብቻችንን ስንሆን የሚሸሸን ገንዘብ ከባልንጀሮች ጋር ሲሆን ይጠራቀማል። ዕቁቡ ለመስከረም እንዲደርስ ዕጣን መለዋወጥም በአባላቱ ዘንድ የተለመደ ነው።

ስለ ማገዶም እንናገር። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት አብዛኛው ሙቀቱ ወደ ጭሱና ወደ ነፋሱ ይሄዳል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤትም ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል ኃይል እንደሚስብ ቢያውቅ፣ በየቀኑ አግሎ ጥቂት ከመጋገር ይልቅ የሦስት ቀኑን በአንድ ጊዜ መጋገር እንደሚሻል ያስተውላል፤ ምጣዱን ለማጋል የሚጠፋው ኃይል ለአንድ እንጀራም ለሠላሳ እንጀራም አንድ ነውና። እንዲህ ያለው ቍጠባ ከማንም አፍ አይነጥቅም። እንጨት ተሸክማ ከምትመጣው ሴት ጀርባ ላይ ግማሹን ሸክም ያወርዳል፤ ዓይኗንም ከጭስ ያሳርፋል። ጤፉንም ከሁለት ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆኖ በኩንታል መግዛት፣ ቀይ ወይም ሠርገኛ ጤፍን አለመናቅ (በምግብነቱ ከነጩ አያንስምና)፣ ከማሽላ ወይም ከገብስ ጋር ማደባለቅም እንዲሁ ነው። ነጭ እንጀራ የክብር ምልክት የሆነው በሆዳችን ዘንድ አይደለም።

እንዲህ የሚያሰላ ሰው ንፉግ ይባል ይሆን? ሰዎች ለጋስነትን ከአለማስላት ጋር ያገናኙታል። ስለ ማርቲን ሉተር ቤት የሚታወቀው ነገር ግን ሌላ ያሳያል። ሉተር ያገኘውን ለለመነው ሁሉ የሚሰጥ፣ ስለ ገንዘብ ብዙ የማይጨነቅ ሰው ነበር። በ1525 እ.ኤ.አ. ያገባት ካታሪና ፎን ቦራ ግን በቪተንበርግ ባለው በቀድሞው ገዳም ውስጥ ለተማሪዎች ማደሪያና ቀለብ በክፍያ እየሰጠች፣ ከብትና ዐሣማ እያረባች፣ አትክልት እየተከለች፣ ቢራም እየጠመቀች ያን ትልቅ ቤት ታስተዳድር ነበር። በዚያ ማዕድ ድኾችና ስደተኞች የተቀመጡት እርሷ ስለምታሰላ ነበር። የሉተር እጅ ተዘርግቶ እንዲኖር ያደረገው የካታሪና እጅ መቍጠሩ ነው። እርሱም ይህን ያውቅ ነበር፤ በ1542 እ.ኤ.አ. በጻፈው ኑዛዜ የአገሩ ልማድ የማይፈቅደውን አድርጎ ሀብቱን ለሚስቱ ተናዘዘ። በ1546 እ.ኤ.አ. እርሱ በሞተ ጊዜ ሕጉ ኑዛዜውን እንደ ተጻፈ ሊቀበለው አልወደደም፤ ያን ሁሉ ዓመት ቤቱን ያስተዳደረችው ሴት ሞግዚት ተሾመባት።

በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በእኩልነት አብረው እንዲያስተዳድሩ አዘዘ። በብዙ ቤት ይህ ሕግ ገና ከደጃፉ አላለፈም። ሚስት የባሏን ደመወዝ ልክ የማታውቅበት፣ ባልም ሚስቱ በዕቁብ ያጠራቀመችውን የማያውቅበት ቤት ጥቂት አይደለም። በዚያ ቤት «ወጪ እንቀንስ» ማለት አንዱ በጨለማ የሚያዘው፣ ሌላው በጨለማ የሚታዘዘው ነገር ነው። ደብተሩ በመሶቡ አጠገብ ተዘርግቶ ሁለቱ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ልጆችም ጭምር በወር አንድ ጊዜ ቢቀመጡበት፣ የሠራተኛይቱ ደመወዝና የአያትየዋ ተቈራጭ ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ ቢጻፉ፣ የሚቀነሰው ነገር ሌላ ይሆናል። ልጆች ችግር እንዲሰሙ አንወድም የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጆቹ ግን ችግሩን አስቀድመው ሰምተውታል፤ በሌሊት በሹክሹክታ የሚነገረውን እንደማይሰሙ የምናስበው እኛው ነን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከዚህ የተጻፈው ሁሉ የማይጠቅመው ቤት አለ፤ ማኪያቶም ሠርግም የሌለበት፣ ማገዶውንም ጤፉንም እስከ መጨረሻው የቀነሰ፣ ሆኖም ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ የሚበላው የሌለው ቤት ነው። ለዚያ ቤት ስለ ቍጠባ መስበክ ስድብ ነው። የዚያ ቤት ጕድለት በእርሱ ደብተር ውስጥ የሚስተካከል አይደለም፤ በሌሎቻችን ደብተር ውስጥ ከቤት ኪራዩና ከቀለቡ ጋር በስሙ ሊጻፍ ይገባል። እንዲህ ያለ ቤት በየጉባኤው አለ፤ ሽማግሌዎቹም የት እንደ ሆነ ያውቃሉ።